ከሁለት መስኮች መገናኘት የተወለደ ፖሊኖሚያል፦ ሰር ቮን ጆንስን ለማሰብ በተዘጋጀ የሒሳብ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ መምህሮቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ከኋላ ወንበሮች ላይ የተቀመጣችሁ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ። ይህን የመታሰቢያ ጉባኤ አስባችሁ ላዘጋጃችሁና የመክፈቻውን ንግግር እንዳደርግ ለጋበዛችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ዛሬ የምናስባቸው ሰር ቮን ጆንስ ዲሴምበር 31 ቀን 1952 በኒው ዚላንድ፣ ጊዝቦርን በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1979 በስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ ከዚያም በአሜሪካ፣ ለረጅም ዓመታት በበርክሌይ፣ በመጨረሻም ናሽቪል በሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1990 በጃፓን ኪዮቶ በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያን ሲቀበሉ ከኒው ዚላንድ የመጀመሪያው ነበሩ፤ በዚያ ጉባኤ ላይ ንግግራቸውን ያደረጉትም የአገራቸውን ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ማሊያ ለብሰው ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2020 በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሕይወት ታሪካቸውን በዝርዝር አልተርክም። ልናገር የመጣሁት በስማቸው የሚጠራው ፖሊኖሚያል፣ ማለትም የአንድ ተለዋዋጭ ኃይሎች ተደምረውና ተቀንሰው የሚጻፍ የአልጀብራ መግለጫ፣ ስለተገኘበት መንገድ ነው። ጆንስ ይህን ፖሊኖሚያል ያገኙት ገና ያልተጨረሰ ሐሳብ ይዘው፣ የእሳቸው ባልሆነ መስክ ወደ በሰለ ባለሙያ ደጅ ሄደው በመጠየቃቸው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ምን እንደ ነበር፣ ቀጥሎ በ1984 የሆነውን፣ በመጨረሻም ሳይመለስ የቀረውን እናገራለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ። ቋጠሮ ስንል ምን ማለታችን ነው? ገመድ ወስዳችሁ ቋጥሩት፤ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች አጋጥማችሁ አያይዟቸው። ከዚህ በኋላ ገመዱ ጫፍ የሌለው ዝግ ቀለበት ሆኗልና ቋጠሮው በጫፍ በኩል አያመልጥም። መሳብ፣ ማጠፍ፣ ማዞር፣ ማላላት ይፈቀዳል፤ መቁረጥ ብቻ ክልክል ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ዝግ ቋጠሮዎች ቢሰጧችሁ፣ አንዱ ተጎትቶና ተጣጥፎ ሌላውን መሆን ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄው ይኸው ነው።

ይህን ትምህርት ስጀምር ዘወትር የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ ጫፉን ከጫፉ ጋር መሰካት ስለሚቻል ለዚህ ሥራ ከሱ የሚመች የለም። አንድ ጊዜ ሦስት መሻገሪያ (ገመዱ በራሱ ላይ የሚያልፍበት ቦታ) ብቻ ያለውን፣ የሦስት ቅጠል ቋጠሮ የምንለውን፣ በቀኝ አዙሬ ሠራሁና ለአንዲት ተማሪዬ ሰጠኋት፤ በመስታወት ውስጥ የሚታየውን ምስሉን፣ ማለትም በግራ የዞረውን፣ እንድታደርገውም ጠየቅኋት። ልጅቱ ብርቱ ነበረች። ገመዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንዱን ቀለበት በሌላው ሥር ስታሳልፍ፣ ስትገለብጥ፣ እንደገና ስትዘረጋ ክፍለ ጊዜው አለቀ። በመጨረሻም «መምህር፣ አልቻልኩም» አለችኝ። «አልቻልሽም ወይስ አይቻልም?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እሱን በምን አውቃለሁ?» ብላ መለሰችልኝ።

የቋጠሮ ንድፈ ሐሳብ በሙሉ የቆመው በዚያች ልጅ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ነገር እንደሚቻል ለማሳየት አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል። እንደማይቻል ለማሳየት ግን ሺህ ጊዜ ሞክሮ ማቃት አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃውስ ከየት ይመጣል? ከቋጠሮው ሥዕል ተነሥተን አንድ ቁጥር ወይም አንድ የአልጀብራ መግለጫ እናሰላለን፤ ገመዱ የቱንም ያህል ቢጎተት ውጤቱ የማይለወጥ ከሆነ ኢንቫሪያንት እንለዋለን። የሁለት ቋጠሮዎች ኢንቫሪያንት ከተለያየ፣ ቋጠሮዎቹ በእርግጥ የተለያዩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሙከራ አያስፈልግም።

ሎርድ ኬልቪን በ1867 አተሞች በኤተር፣ ያን ጊዜ ሕዋን ሁሉ ይሞላል ተብሎ ይታሰብ በነበረው ረቂቅ ነገር፣ ውስጥ የተቋጠሩ አዙሪቶች ናቸው የሚል ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፣ እስኮትላንዳዊው ፒተር ታይት የቋጠሮዎችን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ሲጀምሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም፤ የሠሩት በዓይናቸውና በትዕግሥታቸው ነው። የኬልቪን ሐሳብ በፊዚክስ ወድቆ ቀረ፤ ሰንጠረዡ ግን ለሒሳብ ተረፈ። ያለ መሣሪያ መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ይህን ብቻ ስሙ፦ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በተሠራው የባለ 10 መሻገሪያ ሰንጠረዥ ላይ የተለያዩ ተብለው የተመዘገቡ ሁለት ቋጠሮዎች አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1974 ነው፤ ያወቁትም ኬኔት ፐርኮ የተባሉ የኒው ዮርክ ጠበቃ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት ያህል ማንም አላየውም ነበር!

በ1928 ጄምስ አሌክሳንደር የመጀመሪያውን ፖሊኖሚያል ኢንቫሪያንት አሳተሙ። ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ቀኝንና ግራን አይለይም። ተማሪዬ የታገለችበትን ጉዳይ ማክስ ዴን አስቀድመው በ1914፣ በሌላና በከባድ መንገድ እንደማይቻል አረጋግጠዋል፤ የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል ግን ለቀኙም ለግራውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ በመሠረቱ አዲስ የሆነ ሌላ ፖሊኖሚያል አልመጣም። ብዙ ሰውም የሚመጣ አይመስለውም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ጆንስ የቋጠሮ ሰው አልነበሩም። ደግሜ እላለሁ፤ የቋጠሮ ሰው አልነበሩም። ያጠኑ የነበረው የቮን ኖይማን አልጀብራ የሚባለውን፣ ከኳንተም መካኒክስ ሒሳባዊ መሠረት ጋር አብሮ የተወለደውን መስክ ነው። በዚህ መስክ አንድ አልጀብራ በሌላው ውስጥ ሲገኝ ትልቁ ከትንሹ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚለካ፣ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ሙሉ ቁጥር መሆን የለበትም፤ እንዲያውም እንደ ልቡ ማንኛውንም ዋጋ የሚይዝ ይመስላል። ጆንስ በ1983 ባሳተሙት ጥናት ከ4 በታች ይህ እንደማይሆን አሳዩ። 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 2.618 ገደማ፣ ከዚያ 3 እያለ በተወሰኑ ቁጥሮች ላይ ብቻ ያርፋል፤ ቁጥሮቹ እየተቀራረቡ ወደ 4 ይጠጋሉ፤ ከ4 ጀምሮ ግን ማንኛውም ዋጋ ይፈቀዳል። ይህ ብቻውን የአንድን ሰው ስም ለማስጠራት የሚበቃ ውጤት ነበር።

ይህን ሲያረጋግጡ ጆንስ በተርታ የተደረደሩ አልጀብራዊ ነገሮችን ሠርተው ነበር። በተርታው ላይ ጎን ለጎን ያሉት በአንድ ልዩ ሕግ ይተሳሰራሉ፤ የተራራቁት ግን ቅደም ተከተላቸው ቢለዋወጥ ለውጥ የለውም። ጄኔቫ ውስጥ ይህን የተመለከቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሕጉ የጉንጉን ሕግ እንደሚመስል ነገሯቸው።

ጉንጉንን ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሹሩባ ያልተሠራበት ቤት የለምና። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታላቅ እኅቴን በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ስትሠራት እመለከት ነበር። ጸጉሩን ሦስት ዘለላ አድርጋ ትከፍለዋለች፤ የግራውን በመካከለኛው ላይ ታሻግራለች፣ ከዚያ የቀኙን በመካከለኛው ላይ፣ እንደገና የግራውን፣ እንደገና የቀኙን እያለች እስከ ጫፉ ትወርዳለች። እጇ የሚያደርገው ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እነዚህን ሁለት እንቅስቃሴዎችና ተቃራኒዎቻቸውን በተለያየ ቅደም ተከተል ከደረደርን፣ ማንኛውም ባለ ሦስት ዘለላ ጉንጉን ይሠራል። በሒሳብ ስንናገረው ጉንጉኖች አንዱ በሌላው ሥር እየተቀጠሉ የሚባዙ፣ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ይህን ያቋቋሙት ኤሚል አርቲን በ1920ዎቹ ነው።

አሁን የጉንጉኑን የላይ ጫፎች ከታች ጫፎቹ ጋር በየተራቸው ብታገናኙ ምን ይወጣል? እናቴ ሁለት ጊዜ ብቻ አሻግራ ብታቆም፣ ምንም ያልተቋጠረ ተራ ቀለበት ይወጣል። አራት ጊዜ ብታሻግር የስምንት ቁጥር ቋጠሮ የሚባለው፣ በሰንጠረዡ ላይ ባለ 4 መሻገሪያ የሆነው ብቸኛው ቋጠሮ ይወጣል። ስድስት ጊዜ ብታሻግር ደግሞ ሦስት ቀለበቶች ይወጣሉ፤ ከሦስቱ የትኞቹም ሁለት ብቻቸውን ሲሆኑ አልተያያዙም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይላቀቁም፤ አንዱ ቢቆረጥ የቀሩት ሁለቱ ወዲያው ይለያያሉ። ቦሮሜያን ቀለበቶች ይባላሉ። ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ በሦስት ክር ሞክሩት፤ በዓይናችሁ ካላያችሁት አታምኑኝም። አሌክሳንደር በ1923 ማንኛውም ቋጠሮ እንዲህ ጉንጉንን በመዝጋት እንደሚገኝ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ስለ ጉንጉን የሚያውቅ ሰው ስለ ቋጠሮ ለማወቅ መንገዱ ክፍት ነው።

ጆንስ በሜይ 1984 ይህን ያልተጨረሰ ሐሳብ ይዘው ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ጆአን ቢርማን ዘንድ ሄዱ። ስለ ቢርማን ጥቂት ልበል፤ በተለይ እዚህ ያላችሁ እኅቶቼ ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ቢርማን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ለዓመታት በኢንዱስትሪ ሠርተዋል፣ ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1968፣ በ41 ዓመታቸው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ስለ ጉንጉን ያሳተሙት መጽሐፍ የመስኩ መነሻ ሆነ። ጆንስ በዚያን ጊዜ ስለ ጉንጉን ለመጠየቅ ከእሳቸው የተሻለ ሰው ማግኘት አይችሉም ነበር።

ሁለቱ ተቀመጡ። ጆንስ አልጀብራቸውን አስረዱ። ቢርማን ደግሞ ማርኮቭ በ1930ዎቹ ያቀረቡትን ቲዎረም አስረዱ፤ ይህ ቲዎረም ሁለት የተለያዩ ጉንጉኖች ሲዘጉ አንድ ዓይነት ቋጠሮ የሚሰጡት መቼ እንደሆነ፣ ሁለት ዓይነት ለውጦችን ብቻ በመጥቀስ ይመልሳል። ጆንስ በአልጀብራዎቻቸው ላይ ትሬስ የሚባል መለኪያ ነበራቸው። የመጀመሪያውን ለውጥ ትሬሱ በተፈጥሮው ይቀበለዋል። ሁለተኛው ለውጥ በአንድ ቋሚ ቁጥር ያባዛዋል፤ ያ ቁጥር ደግሞ አስቀድሞ በማስተካከል ሊጠፋ ይችላል። ይህ ከታየ በኋላ ሥራው በቀናት ውስጥ አለቀ፦ ለማንኛውም ቋጠሮ ጉንጉኑን ፈልግ፣ ወደ አልጀብራው ውሰደው፣ ትሬሱን አስላ፣ አስተካክል። የሚወጣው ኢንቫሪያንት ነው።

የቀረው ጥርጣሬ አንድ ነበር። ይህ የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣ ቢሆንስ? መፈተኛው ተማሪዬ የታገለችበት ያው የሦስት ቅጠል ቋጠሮ ሆነ። የፖሊኖሚያሉን ተለዋዋጭ ቲ ብንለው፣ ለአንደኛው ውጤቱ ቲ፣ ሲደመር ቲ ኪዩብ፣ ሲቀነስ የቲ አራተኛ ኃይል ነው። ለመስታወት ምስሉ ደግሞ በቲ ቦታ ሁሉ አንድ ሲካፈል ለቲ ይገባል። ሁለቱ መግለጫዎች እኩል አይደሉም። ስለዚህ ቀኙ ግራውን ሊሆን አይችልም! ያቺ ልጅ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ በአንድ መስመር ይጻፋል።

እስቲ ልብ በሉ። ቢርማን የቮን ኖይማን አልጀብራ ሰው አይደሉም፤ ጆንስ የጉንጉን ሰው አይደሉም። አንዳቸው ብቻቸውን ቢቀመጡ ይህ ነገር በዚያ ሳምንት አይገኝም ነበር። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ቴምፐርሊና ሊብ የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች በ1971 ስለ ስታቲስቲካዊ መካኒክስ ሲያጠኑ ያንኑ አልጀብራዊ ሕግ አግኝተውት ነበር። ሕጉ በሦስት መስኮች ውስጥ ተቀምጦ የሦስቱ መስኮች ሰዎች አይነጋገሩም ነበር። እኛስ? በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ሆነን ጎረቤታችን ምን እንደሚያጠና የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ተማሪው ያልጨረሰውን ሐሳብ ለመምህሩ ለማሳየት የሚያፍረው፣ መምህሩም ለባልደረባው ለማሳየት የሚሠጋው እስከ መቼ ነው?

ዜናው እንደተሰማ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ቡድኖች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የአሌክሳንደርንም የጆንስንም የሚያጠቃልል ሰፊ ፖሊኖሚያል አገኙ፤ የስድስቱ ሰዎች ሥራ በ1985 በአንድ ጽሑፍ በጋራ ወጣ። ነገር ግን ፖላንድ ውስጥ ዩዜፍ ፕሺቲትስኪና ፓቬል ትራቺክም ያንኑ አግኝተው ነበር። በዚያን ጊዜ ከፖላንድ የሚላክ ፖስታ ይዘገይ ስለነበር በዚያ የጋራ ጽሑፍ ውስጥ ሳይካተቱ ቀሩ። ዛሬ ብዙዎች የእነሱንም ስም ጨምረው ይጠሩታል፤ ይህም ተገቢ ነው።

ይህን ስናገር እኔ የተማርኩበት ዘመን ትዝ ይለኛል። የጆንስን የ1985 ጽሑፍ ያየሁት አንድ መምህሬ ከውጭ ይዘውት በመጡት ፎቶ ኮፒ ነበር። ጽሑፉ ዘጠኝ ገጽ ነው። የእኛ ኮፒ የኮፒ ኮፒ ስለነበረ ከፊደላቱ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ደብዝዘው ጠፍተዋል፤ በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ስለ የትኛው መሻገሪያ እንደሚነገር የሚለየው በእነዚያ ቁጥሮች ነው። ጓደኞቼና እኔ እያንዳንዱን መስመር እያሰላን የትኛው ቁጥር ቢገባ ቀመሩ እንደሚሰምር እየፈተሽን በእርሳስ ሞላናቸው። ያን ጽሑፍ ሌላ በምንም መንገድ ያን ያህል ጠንቅቄ አላውቀውም ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ያን ችግር ለማንም አልመኝም። ዛሬ ያ ጽሑፍ በስልካችሁ ላይ በደቂቃ ይከፈታል፤ እባካችሁ ክፈቱት።

ጆንስም ከመሐል ርቃ ከምትገኝ አገር መምጣታቸውን አልረሱም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በኒው ዚላንድ የሒሳብ ምርምር ኢንስቲትዩት አቋቋሙ፤ በዚያ ክረምት ሳይሆን በጋ በሆነው በጃንዋሪ ወር ከዓለም ዙሪያ ታላላቅ ባለሙያዎችን እየጋበዙ ለአገራቸው ወጣቶች ዐውደ ጥናት ያዘጋጁ ነበር። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላውም ዓለም የምታስተምሩ ወገኖቻችን፣ ይህን በተለይ ለእናንተ እናገራለሁ። በዓመት አንድ ሳምንት፣ አንድ ርዕስ፣ ጥቂት ተማሪዎች፤ ከዚህ የበለጠ አንጠይቃችሁም። አዳራሹንም ተማሪውንም እኛ እናዘጋጃለን።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልሻገር፤ ጊዜዬም እያለቀ ነው።

ከጆንስ በኋላ የተከፈተውን ሁሉ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። ታይት ከመቶ ዓመት በፊት ከተዉአቸው ግምቶች አንዳንዶቹን በ1987 ካውፍማን፣ ሙራሱጊና ቲስልትዌይት በጆንስ ፖሊኖሚያል አማካይነት አረጋገጡ። በ1989 ኤድዋርድ ዊተን ፖሊኖሚያሉ ከኳንተም መስክ ንድፈ ሐሳብ እንደሚወጣ አሳዩ፤ በዚያም መንገድ ማኒፎልድ ለሚባሉት ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ቦታዎች አዳዲስ ኢንቫሪያንቶች ተገኙ። የዲኤንኤን መቆላለፍ የሚያጠኑ የሥነ ሕይወት ሰዎችም የቋጠሮ ሒሳብን ሥራቸው ላይ አዋሉት። በ2000 ሚካይል ኮቫኖቭ ከጆንስ ፖሊኖሚያል በስተጀርባ የቆመ፣ ከሱም ብዙ የሚያውቅ፣ ሆሞሎጂ የሚባል አልጀብራዊ መሣሪያ አቀረቡ።

ተማሪዎች፣ አንድ ጥያቄ ግን ጆንስ ራሳቸው መልሱን ሳያዩ አልፈዋል። ያልተቋጠረ ተራ ቀለበት የጆንስ ፖሊኖሚያሉ 1 ነው። በእውነት የተቋጠረ ሆኖ ፖሊኖሚያሉ 1 የሚሆን ቋጠሮ ይኖር ይሆን? እስከ 24 መሻገሪያ ባሉት ቋጠሮዎች ላይ በኮምፒውተር ተፈትሾ አንድም አልተገኘም። ከአንድ በላይ ቀለበት ባላቸው ሊንኮች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቲስልትዌይት በ2001 ፖሊኖሚያሉን የሚያታልሉ ምሳሌዎች አግኝተዋል። ክሮንሃይመርና ምሮቭካ በ2011 የኮቫኖቭ ሆሞሎጂ ተራውን ቀለበት ፈጽሞ እንደማይስት አረጋግጠዋል። የጆንስ ፖሊኖሚያል ራሱ ይስት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ይህ ለታላላቆች ብቻ የተተወ ጥያቄ ነው አትበሉ። ሌላው ታላቅ የቋጠሮ ሰው ጆን ኮንዌይ ያረፉት በዚያው በ2020፣ በኤፕሪል ነው። በስማቸው የሚጠራው ባለ 11 መሻገሪያ ቋጠሮ በባለ አራት ዳይሜንሽን ኳስ ውስጥ የለሰለሰ ዲስክ ጠርዝ መሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። ሊሳ ፒቺሪሎ በቴክሳስ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች በ2018 በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ጥያቄው ሰማች፤ በትርፍ ጊዜዋ ሠርታ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ እንደማይችል አረጋገጠች። መፍትሔዋ በ2020 ታተመ። ጥያቄውን የሰማችው እንደዚህ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ እንደናንተ ተቀምጣ ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በኮቫኖቭ ሆሞሎጂ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍት ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ሰዓት ተመድቧል። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጠናል፤ የጀመራችሁትን፣ ያልጨረሳችሁትንም ቢሆን፣ ጻፉና አስገቡ። ተናጋሪዎቹ ያዩታል፣ እኔም አየዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።